ጥርሱ አላለቀም፣ ዕድሜው ግን አልቋል

መቂ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ለሻይ ቆምን። ጋሼ መኪና በቆመ ቁጥር የማይተዉት ልማድ አላቸው፤ የቡሎን መፍቻቸውን ይዘው አራቱንም ጎማዎች እየዞሩ ይመታሉ፣ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ድምፁን ያዳምጣሉ። ከ20 ዓመት በላይ ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው። እኛ ደግሞ ሁሌም እንስቃለን። የዚያን ቀን ግን የኋላ ቀኙን ከመቱ በኋላ እንዳጎነበሱ ቀሩ።

"ነይ እስቲ፣ ይሄን እዪልኝ።"

ከጥርሱ መሀል ግማሽ እንቁላል የሚያክል እብጠት ወጥቷል። ትንሽ ቆይተን ብንቆም ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ማንም አልተናገረም። ሻዩንም ማንም አልጨረሰም።

የመኪናዋን ታሪክ ላሳጥረው። ጋሼ የእናቴ ወንድም ናቸው። የታክሲ ሥራ ካቆሙ ጥቂት ዓመታት ሆኗቸዋል፤ ሚኒባሷ፣ አሮጌ ቶዮታ ሃይስ፣ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ተቀምጣ ነበር። እኔ፣ ወንድሜና ሁለት ጓደኞቻችን "ቆማ ከምትበሰብስ ለእኛ ይስጡን" ብለን ለመንናቸው። ወንበሮቹ ወጡ፤ በምትካቸው አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ 60 ሊትር የውሃ በርሜል፣ አንድ ትልቅ ባትሪ፣ ጣሪያዋ ላይ ደግሞ ሶላር ገባ። ፈረንጆቹ ሞተርሆም የሚሉት ነገር፣ ትንሽዬና የሰፈር ስሪት። (የፈቃዱና የወረቀቱ ጉዳይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ ዛሬ አልነካውም።) ስለ መጋረጃው ቀለም ሦስት ሳምንት ተከራክረናል። ስለ ጎማው ግን አንድ ቀን እንኳ አላወራንም። ለምን? ጥርስ ነበረዋ!

ስኮርታውን ቀይረን ቀስ እያልን መቂ ገባን። ጎሚስታው ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ ልጅ ነው። ጎማውን ከቸርኬው አውጥቶ ውስጡን በእጁ ዳሰሰና ለጋሼ አሳያቸው። "አባቴ፣ ጥርሱ ደህና ነው። ሥጋው ነው የሞተው።" ከዚያ ጎኑ ላይ ካለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥሮች አነበበልን፤ 3415።

እኔ እስከዚያች ቀን ድረስ ይህን አላውቅም ነበር። እናንተም የማታውቁ ካላችሁ አሁኑኑ ውጡና የቤታችሁን መኪና ጎማ እዩ። "ዲ.ኦ.ቲ" ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ያለው ረጅም ኮድ በአራት አሃዝ ያልቃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይነግሯችኋል። 3415 ማለት ጎማው እ.አ.አ. በ2015፣ በ34ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው፤ በእኛ ነሐሴ 2007። ሙሉው ኮድ አንዳንዴ በአንድ በኩል ብቻ ስለሚጻፍ መኪናው ሥር ተንበርክካችሁ በውስጥ በኩል መፈለግ ሊኖርባችሁ ይችላል።

ጋሼ ትንሽ ተከፉ። ጎማ በማወቅ የሚታሙ ሰው አይደሉም። ግን ነገሩን ሳስበው እውቀታቸው ልክ ነው፤ የታክሲ እውቀት ነው። ታክሲ ቀኑን ሙሉ ስለሚሮጥ ጎማው ሳያረጅ ጥርሱ ያልቃል። ስለዚህ ጥርሱን ካየህ ሁሉንም አየህ ማለት ነው። የእኛ መኪና ግን በወር አንዴ ወይ ሁለቴ ትወጣና ቀሪውን ጊዜ ቆማ ፀሐይ ትሞቃለች። ላስቲክ ሥራ ፈትቶም ያረጃል፤ አየርና ፀሐይ ያደርቁታል። ባሰ ብሎ ደግሞ፣ ጎማ ውስጥ መሰነጣጠቅን የሚከላከሉ ኬሚካሎች ወደ ላይ የሚወጡት ጎማው ሲሽከረከርና ሲተጣጠፍ ነው። የቆመ ጎማ መድኃኒቱን ሆዱ ውስጥ ይዞ ይደርቃል።

እንግሊዝ አገር ይህን የተማሩት በሐዘን ነው። እ.አ.አ. መስከረም 2012 ከሙዚቃ ፌስቲቫል ወጣቶችን ጭኖ ይመለስ የነበረ አውቶቡስ ሰሪ በተባለው አካባቢ የፊት ጎማው ፈንድቶ ከዛፍ ጋር ተጋጨ፤ ሦስት ሰዎች ሞቱ። ጎማው ከ19 ዓመት በላይ ዕድሜ ነበረው። ጥርሱ ግን ሕጉ የሚጠይቀውን ያሟላ ነበር፤ ሕጉ ስለ ዕድሜ የሚለው ነገር አልነበረማ! የ18 ዓመት ልጇን በዚያ አደጋ ያጣችው ፍራንሲስ ሞሎይ ለዓመታት ስትሟገት ቆየች። እ.አ.አ. ከየካቲት 1 ቀን 2021 ጀምሮ ከ10 ዓመት በላይ የሆነ ጎማ በጭነት መኪናና በአውቶቡስ የፊት እግር ላይ፣ በሚኒባስ ደግሞ በነጠላ በተገጠመ ጎማ ሁሉ ላይ እዚያ ተከለከለ። ብዙ የመኪና አምራቾች ጎማ ጥርስ ቢኖረውም በስድስት ዓመቱ እንዲቀየር ይመክራሉ። የጎማ አምራቾቹ ላላ ይላሉ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ ይታይ፣ በምንም ምክንያት ግን 10 ዓመት አይለፍ። እኛ ስድስትን ያዝን።

አሁን ወደ ኪስ እንምጣ። ኢኮኖሚክስ ተምሬ ጎማ ቤት መዋሌን እናቴ ባትወደውም፣ ዲግሪው እውነትም የጠቀመኝ እዚህ ጋ ነው። ዋጋ በብር አልጽፍላችሁም። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ እንዴት እንደሚሮጥ ታውቃላችሁ፤ እናንተ ይህን እስክታነቡ የእኔ ቁጥር ያረጃል። በጥምርታ ግን ማሰብ ይቻላል።

ባለታክሲ ጎማ ሲገዛ የሚገዛው ኪሎ ሜትር ነው። እኛ ግን በዓመት 6 ሺህ ኪሎ ሜትር እንኳ ከሄድን ብዙ ነው። ለ50 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚሆን ጎማ ጥርሱን ለመጨረስ ስምንት ዓመት ይፈጅብናል፤ በስድስተኛው ዓመት ግን መጣል አለብን። ስለዚህ እኛ የምንገዛው ዓመት ነው። ሒሳቡ ዋጋ ሲካፈል ለቀሩት ዓመታት ይሆናል። ጓደኛችን "ያገለገለ ግን ጥርሱ ሙሉ የሆነ በግማሽ ዋጋ አገኘሁ" ብሎ ሲመጣ ኮዱን አየነው፤ አራት ዓመት ሆኖታል። የቀረው ሁለት ዓመት ነው። ግማሽ ዋጋን ለሁለት፣ ሙሉ ዋጋን ለስድስት አካፍሉት፤ "ርካሹ" ጎማ በዓመት ሲሰላ በ50 በመቶ ይወደዳል። በተመሳሳይ ምክንያት ብዙ ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሎ ዋጋው የተሰቀለ ውድ ጎማም ለእኛ አይሆንም። የማንጨርሰውን ጥርስ ለምን እንግዛ?

ይህን ሒሳብ ይዤ ገበያ ወጣሁ። የመጀመሪያው ሱቅ ውስጥ ሻጩ ጎማውን አገላብጦ ኮዱን በኩራት አሳየኝ፤ 3418። "እዪው የኔ እህት፣ 18 ነው የሚለው። ዘንድሮ የወጣ!" ወይ ጉድ። ዘንድሮ በእኛ አቆጣጠር 2018 መሆኑ እውነት ነው። ጎማ ፋብሪካ ግን በእኛ ካላንደር አይቆጥርም፤ ያ ጎማ የተሠራው ነሐሴ 2010 ነው። መጋዘን ውስጥ ሰባት ዓመት ተኝቶ፣ ላዩ ላይ ያለችው የላስቲክ ፀጉር እንኳ ሳትረግፍ "አዲስ" ተብሎ ሊሸጥልኝ ነው። በእኔ ሒሳብ ዕድሜው ከዜሮ በታች ነው። ሰውየው እያወቀ ይሁን ሳያውቅ አልፈርድም፤ እኔም መቂ ላይ ያን ልጅ ባላገኝ አምኜው እወጣ ነበር።

ሁለተኛው ሱቅ ደግሞ ሌላ ፈተና። ጎማው አዲስ ነው፣ ዕድሜው አንድ ዓመት አልሞላውም፣ ዋጋውም ደስ ይላል። "ያው 15 ቸርኬ አይደል? ልክክ ይላል" አለ። እውነቱን ነው፤ ልክክ ይላል። ጎኑ ላይ ግን 195/65 አር 15፣ ቀጥሎ 91 ይላል፤ የኮሮላ ጎማ ነው። መጨረሻ ላይ ያለው 91 አንድ ጎማ የሚሸከመውን ክብደት የሚናገር መለያ ቁጥር ነው፤ በሰንጠረዡ 91 ማለት 615 ኪሎ ነው። የሚኒባስና የቀላል ጭነት ጎማ ደግሞ ከልኩ ቀጥሎ "ሲ" የሚል ፊደል ይኖረዋል። እኛ በመጨረሻ የገዛነው 195/70 አር 15 ሲ፣ 104/102 ነው። 104 ማለት 900 ኪሎ። ሁለተኛው ቁጥር የሚያገለግለው ከኋላ በአንድ በኩል ሁለት ሁለት ጎማ ለሚያስሩ መኪኖች ነው፤ እኛን አይመለከትም። አውሮፓ ውስጥ ለቤት-መኪና ብቻ ተብለው የሚሠሩ፣ "ሲፒ" የሚል ምልክት ያላቸው ጎኗቸው የጠነከረ ጎማዎች አሉ። ለእኛ ልክ የሚሆን ግን ዞሬ አላገኘሁም፤ "ሲ" በቂ ነው።

615 አይበቃም የምለው በስሜት አይደለም፤ መኪናዋን አስመዝነናታል። የጭነት መኪና የሚመዝን ቦታ ፈልገን፣ ውሃውን ሞልተን፣ አራታችንም ውስጥ ተቀምጠን ሚዛን ላይ ወጣን። መጀመሪያ የፊት እግሯን፣ ከዚያ የኋላውን፣ በመጨረሻም የሚዛኑን ሰውዬ ለምነን የኋላ ቀኟን ብቻ። የፊቱ 1,160 ኪሎ፣ የኋላው 1,480። በ91 ጎማ ቢሆን ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ተደምረው የሚችሉት 1,230 ነው፤ ገና ከግቢ ሳንወጣ 250 ኪሎ ትርፍ። የኋላውን ሳንከፍለውም አላለፍን፤ ቀኙ 790፣ ግራው 690። ምድጃውን፣ ባትሪውንና የውሃውን በርሜል ሁሉንም በቀኝ በኩል የደረደርነው እኛው ነን፤ ለፎቶ እንዲያምር። መቂ ላይ ያበጠው የትኛው ነበር? የኋላ ቀኙ።

ልብ በሉ፤ ታክሲ ተሳፋሪ ያወርዳል። ቤት-መኪና ሸክሟን አታወርድም፤ ቆማም ተሸክማ ነው።

ወደ አየሩ ስመጣ የባሰ ነገር አገኘሁ። ጋሼ በታክሲ ዘመናቸው ሹፌሩ በር ላይ የነበረችው የአየር ልክ የምታሳይ ወረቀት በቀለም ተሸፍናለች። ጎሚስታ ጋ ስንሄድ "ስንት ይሁን?" ይላል፤ እኛ "ያው እንደተለመደው" እንላለን፤ 35 ይሞላል። አራቱንም 35 ፒኤስአይ። የገዛነው ጎማ 900 ኪሎ የሚሸከመው 65 ፒኤስአይ ሲሞላ ብቻ ነው። በ35 የሚሸከመው ከ600 ኪሎ በታች ነው። ጎማ ራሱ እኮ ክብደት አይሸከምም፤ የሚሸከመው ውስጡ ያለው አየር ነው። አየሩ ሲያንስ ጎኑ በየዙሩ ይታጠፋል፣ መታጠፍ ሙቀት ይፈጥራል፣ ሙቀቱ ደግሞ ላስቲኩንና ሽቦውን ያላቅቃል። ያችን እብጠት የሠሯት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ዕድሜ፣ የተዛባ ጭነትና የእኛው 35።

አሁን በክብደታችን ልክ ፊቱን 42፣ ኋላውን 56 እናደርጋለን። ይህን ቁጥር እንዳትገለብጡ! የእኛ መኪና፣ የእኛ ጎማ፣ የእኛ ሚዛን ነው። የእናንተን በር ላይ ካለው ወረቀት ወይም ከጎማው አምራች ሰንጠረዥ ፈልጉ። የሚለካውም ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው። መንገድ ላይ ሞቆ ቁጥሩ ሲጨምር አየር ማስተንፈስ ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ነው፤ ሲቀዘቅዝ ጉድለት ሆኖ ይጠብቃችኋል። አንድ የአገራችን ነገር ልጨምር። ከአዲስ አበባ ከፍታ ወደ አፋር ቆላ ስትወርዱ የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር መለኪያችሁ ወደ 3 ፒኤስአይ ገደማ ቀንሶ ያነባል፤ የቆላው ሙቀት ደግሞ ከዚያ በላይ መልሶ ይጨምረዋል። ስለዚህ በደረሳችሁ ማግስት ጠዋት እንደገና ለኩ።

እዚህ ላይ ነው ስልካችን ሥራ ያገኘው። የጎማን አየር የሚከታተል ሴንሰር በአዳዲስ መኪኖች ላይ አብሮ ይመጣል። አሜሪካ ይህን በሕግ ያስገደደችው እ.አ.አ. ነሐሴ 2000 ፋየርስቶን፣ ብዙዎቹ ፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ የነበሩ 6.5 ሚሊዮን ጎማዎች እንዲመለሱ ከጠራ በኋላ ነው፤ ከ2008 ሞዴል ጀምሮ አዲስ ቀላል መኪና ሁሉ አየሩ ከልኩ 25 በመቶ ሲወርድ መብራት ማብራት አለበት። የእኛዋ አሮጊት ያ የላትም። ዱባይ ያለች የአክስቴ ልጅ በቫልቩ ክዳን ቦታ የሚጠለቁ፣ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚነጋገሩ አራት ትንንሽ ሴንሰሮች ላከችልኝ።

ስለ እነዚህ ነገሮች ሻጮች የማይነግሯችሁን ልንገራችሁ። ሴንሰሩ ሲጠልቅ ቫልቩን ከፍቶ ነው የሚቀመጠው፤ በደንብ ካልገጠመ አየር የሚያፈሰው ራሱ ይሆናል። የሳሙና አረፋ ቀብታችሁ ፈትሹ። አሮጌ የላስቲክ ቫልቭ ላይ ክብደቱ ስለሚያወዛውዘው ጎማ ስትቀይሩ ቫልቩንም በብረት አስቀይሩ። የሚያሳየውን ሙቀት ብዙ አትመኑ፤ ከጎማው ውጪ ተንጠልጥሎ ነፋስ እየመታው ነው የሚለካው። ደግሞም ሌባ ይወደዋል፤ ከተማ ውስጥ ስናቆም ፈትተን ኪሳችን እንከታለን።

አፑስ? መጀመሪያ ሲከፈት የስልክ ቁጥሮቼን ማየት ፈለገ። የጎማ አየር ከእናቴ ስልክ ቁጥር ጋር ምን አገናኘው? ከለከልኩት፤ ሳይከፋው ይሠራል። ትልቁ ችግር ግን የስልኩ ባትሪ ቆጣቢ ነው። ስክሪኑ ሲጠፋ አፑን ያስተኛዋል፤ ከአዳማ በላይ 40 ደቂቃ ሙሉ የሞተ ቁጥር እያየን ተጉዘናል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ይህን አፕ ከባትሪ ቁጠባ አስወጡት። የተሻለው ደግሞ ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልካችሁን ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ ለዚሁ ሥራ ብቻ ዳሽቦርዱ ላይ ማቆም ነው። የማስጠንቀቂያውን ልክ ፋብሪካው ባስቀመጠው አትተዉት፤ ለትንሽ መኪና ነው የተሞላው። እኛ ኋላውን ከ46 ሲወርድ እንዲጮህ አድርገናል።

የጠቀመን ግን ጩኸቱ አይደለም። ባለፈው ወር በፍጥነት መንገዱ ስንመለስ የኋላ ግራው ሞቆ 61 ደርሶ ነበር። ወንድሜ "57 ሆኗል" አለ። ትንሽ ቆይቶ 54። ሌሎቹ ሦስቱ ሞቀው ባሉበት ሲቆሙ አንዱ ብቻ ይወርዳል ማለት እያፈሰሰ ነው ማለት ነው። ገና 46 ሳይደርስ፣ ምንም ሳይጮህ ዳር ይዘን ቆምን። ሚስማር ነበር፤ ጎማውም ሳይጎዳ ተጠገነ። ጋሼ ሴንሰሩ በተገዛ ጊዜ "ጎማ በስልክ?" ብለው የሳቁ ሰው አሁን መሪውን እንደያዙ በየ10 ደቂቃው "ስንት ሆነ?" ይላሉ።

መፍቻቸውን ግን አልጣሉም፤ እኔም ጣሉ አልላቸውም። መቂ ላይ ያየነውን እብጠት ይህ ሴንሰር አይነግረንም ነበር። ጎማው እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ አየሩን ይዞ ሊያብጥ ይችላል። ስልኩ አየሩን እንጂ የጎማውን ሥጋ አያይም።

አራቱን አንድ ላይ ቀየርን። ገንዘቡ አልበቃ ብሎ ሁለት ለመግዛት አስበን ነበር፤ ቀሪዎቹም ያው የ3415 ወንድሞች ስለሆኑ የሶላሩን ሁለተኛ ፓኔል ትተን ጨረስነው። ደስ ብሎን፣ ፎቶ ሁሉ ተነስተን። ባለፈው ሳምንት ታዲያ መኪናዋን ሳጥብ ከሥሯ የተንጠለጠለችው ስኮርታ ትዝ አለችኝ። ጭቃውን ጠርጌ ኮዷን አነበብኩ፤ 0611። እ.አ.አ. የ2011 ስድስተኛ ሳምንት። መቂ ላይ ከሞት አወጣችን ብለን ላንጋኖ ደርሰን የተመለስንባት ጎማ ከፈነዳው ልትፈነዳ ከነበረችው በአራት ዓመት ትበልጣለች።

ለጋሼ ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ሄደው በመፍቻቸው መቷት። "ድምጿ ግን ደህና ነበር" አሉ።

ለአምስተኛው ጎማ ዕቁብ እየጠበቅን ነው። የአርባ ምንጩ ጉዞ እስከዚያ ቆሟል።